ጎጆ የወጣ ካርድ

ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፌ፣ መብራቱን ዝቅ አድርጌ ካርዱን በጀርባው አስተኛሁት። ባለቤቱ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ የሰርግና የክርስትና ቪዲዮ እያቀናበረ ይኖራል። ማታ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ሲጮህ ጎረቤት ይሰማዋል። ሰርግ ሬንደር ሳደርግማ ልቤ ይቆማል፣ አሁን አሁን ጠፋ እያልኩ። እስቲ ከፍተው ይዩልኝ» አለኝና በፌስታል እንደጠቀለለው ጥሎልኝ ሄደ። (ይህን የመሰለ ዕቃ በፌስታል! ለነገሩ እንቁላልም በፌስታል አይደል የምንገዛው።)

ከፌስታሉ የወጣው የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1080 ቲአይ ነው፤ ያውም ኩባንያው ራሱ ነድፎ በራሱ ስም የሸጠው፣ «ፋውንደርስ ኤዲሽን» የሚባለው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 በ699 ዶላር ገበያ ወጣ። ርዝመቱ 26.7 ሴንቲሜትር ነው። ሲያነሱት እጅ ከጠበቀው በላይ ይከብዳል። ሽፋኑ እንደ ተጠረበ ድንጋይ ማዕዘን ማዕዘን የወጣለት አሉሚኒየም ነው። ከእሱ በኋላ ፈጣን ካርዶች ብዙ መጥተዋል፤ ግራፊክስ ካርድ ለኮምፒውተር ምን እንደሚያደርግለት በዓይን ለማሳየት ግን እኔ ይህን እመርጣለሁ። ነገሩ ሁሉ ላዩ ላይ ተጽፏል፤ ማንበብ ብቻ ነው።

ሱቅ ስንገባ ሻጩ «ዴዲኬትድ ነው» ይለናል። ወደ አማርኛ ሲመጣ «ራሱን የቻለ» ማለት ነው። እኔ ደግሞ «ጎጆ የወጣ» ብለው ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ጎጆ ያልወጣውን ወንድሙን ሁላችንም እናውቀዋለን። በአብዛኛው ላፕቶፕና የቢሮ ኮምፒውተር ውስጥ ምስል የሚሠራው ክፍል ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ቺፕ ተጋርቶ የሚኖር ነው። ገና ከወላጆቹ ቤት ነው። የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው የሚበላው ከጋራው መሶብ ነው፤ ከኮምፒውተሩ ራም እየቆረሰ። 8 ጊጋባይት ራም ገዝተን ዊንዶውስ «ጥቅም ላይ የሚውለው ይህን ያህል ነው» ብሎ ያነሰ ቁጥር ሲያሳየን ሻጩን መርገም አይገባም፤ ልጁ ድርሻውን አንስቶ ነው።

በመቁረሱ ብቻ ቢያበቃ ባልከፋ። ሰው የማያየው ነገር መመላለሱ ነው። ተራ የሚባለው ስክሪን እንኳ 1920 በ1080 ነጥቦች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ቢያዝ አንዱ ምስል ከ8 ሜጋባይት በላይ ይሆናል። ስክሪኑ በሴኮንድ 60 ጊዜ ይታደሳል። እንግዲህ ምንም ሳንሠራ፣ ባዶ ዴስክቶፕ ላይ አፍጥጠን ብንቀመጥ እንኳ፣ ወደ ግማሽ ጊጋባይት የሚጠጋ መረጃ በየሴኮንዱ ከራሙ እየተነበበ ወደ ስክሪን ይሄዳል። ይህ ማሳየቱ ብቻ ነው። ምስሉን መሥራት፣ ማለትም መስኮቶችን ማደራረብ፣ ቪዲዮ መፍታት፣ ቀለም ማስተካከል፣ ያንኑ ነጥብ ደጋግሞ ማንበብና ደጋግሞ መጻፍ ነው። ይህ ሁሉ የሚያልፈው ፕሮሰሰሩ ለራሱ ሥራ በሚጠቀምበት መንገድ ነው። በዚያ ላይ ሁለቱ የሚጋሩት ሙቀትም አለ። ላፕቶፕ ላይ ምስል ሠሪው ሲጦፍ ቺፑ በሞላ ይግላል፤ ቺፑ ሲግል ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በአንድ ጣሪያ ሥር አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይታመማል።

ራሱን የቻለ ካርድ ኮምፒውተርን የሚያፈጥነው በሁለት በኩል መሆኑን ብዙ ሰው ይዘነጋል። አንደኛው ካርዱ ራሱ የሚሠራው ነው። ሁለተኛው ቤት የቀረው የሚያገኘው እፎይታ ነው፤ ራሙ፣ መንገዱና ማቀዝቀዣው ለፕሮሰሰሩ ይመለሱለታል። አሁን ጎጆውን እንክፈተው።

ለመክፈት ትዕግሥት ይጠይቃል። የጀርባው ቪቶች የሰዓት ሠሪ ቪት ያህላሉ፤ ካቻቢቴው ልኩ ካልሆነ ጭንቅላታቸውን ይበላዋል። አንዳንዶቹ ባለ ስድስት ማዕዘን ጥቃቅን ምሰሶዎች ናቸው፤ በላያቸው ደግሞ ሌላ ቪት ይታሰራል። እያንዳንዱን በወጣበት አቅጣጫ ጨርቁ ላይ ደረደርኩ። በቺፑ ዙሪያ ያሉት አራቱ ስፕሪንግ አላቸው፤ ማቀዝቀዣው ቺፑን ሳይጨፈልቀው፣ ሳይለቀውም፣ በልክ እንዲጫነው ነው። ቺፑ ሲግል ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል። ስፕሪንጉ ይህን የዕለት ተዕለት መተንፈስ ይቀበላል። እኔ የአንድን ዕቃ ሠሪ ጨዋነት የምለካው ማንም በማያያቸው እንዲህ ባሉ ቦታዎች ነው።

ሽፋኑ ሲነሳ የአዲስ አበባን በጋ አገኘሁት። የክረምቱ ጭቃ ደርቆ አቧራ ሆኖ፣ ከልጁ ስቱዲዮ የዕጣን ጭስ ጋር ተጋግሮ በአሉሚኒየም ክንፎቹ መካከል እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። የጩኸቱ ምክንያት ተገኘ ማለት ነው፤ ማራገቢያው አየር ባጣ ቁጥር ይበልጥ ይሮጣል። በብሩሽና በአየር መንፊያ ስጠርገው ክንፎቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ፤ ስስ ናቸው፣ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ርቀታቸው ከዳር እስከ ዳር አይዛነፍም።

ከክንፎቹ ሥር ያለው ጠፍጣፋ መዳብ ድፍን ይመስላል፤ ድፍን ግን አይደለም። ውስጡ ክፍት ነው። አየሩ ተመጥጦ ወጥቶ፣ ጥቂት ፈሳሽ ተደርጎበት ታሽጓል። ቺፑ ሲግል ፈሳሹ ከሥሩ ይተናል፤ እንፋሎቱ ወደ ቀዘቀዘው ጥግ ይሮጣል፤ እዚያ ጠል ሆኖ ወደ ቺፑ በኩል ይመለሳል። የወጥ ድስት ክዳን ሥር የምናየው ነገር ነው፤ ልዩነቱ ድስቱም ክዳኑም በጥቂት ሚሊሜትር ውፍረት ውስጥ ገብተው መታሸጋቸው ነው። ፓምፕ የለው፣ ሞተር የለው። ከአንዲት ትንሽ ቦታ የሚፈልቅ ሙቀት በአንድ አፍታ በመዳቡ ስፋት ሁሉ ይበተናል።

ማራገቢያው አየሩን ከኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጥ ስቦ፣ በክንፎቹ መሃል አሳልፎ፣ በኋላ በኩል ወደ ውጭ ይተፋል። እዚህ ላይ ነዳፊዎቹ የወሰኑት ነገር ደስ ይለኛል። ከዚህ በፊት በነበሩት መሰል ካርዶች መውጫው ላይ ዲቪአይ የሚባለው ትልቅ ሶኬት የአየሩን ደጃፍ በከፊል ይዘጋው ነበር። በዚህኛው ላይ አወጡት። ሦስት ዲስፕሌይ ፖርትና አንድ ኤችዲኤምአይ በአንድ ረድፍ ቀርተው፣ ሌላው ረድፍ በሙሉ ለአየር ተተወ። አሮጌ ስክሪን ያለው ሰው እንዳይቸገር ደግሞ ማገናኛ በካርቶኑ ውስጥ ጨመሩ። አንድን ነገር አሳምሮ ለመሥራት ከመጨመር ይልቅ መቀነስ ድፍረት ይጠይቃል፤ ሰው «ምን ጎደለው?» ብሎ ነውና የሚጠይቀው።

ማቀዝቀዣው ተላቀቀ። የደረቀውን ቴርማል ፔስት አልኮል በነካ ጥጥ ስጠርገው ቺፑ ወጣ፤ ፊቴን አየሁበት። እውነተኛ መስታወት ነው። ላዩ ላይ በደቃቅ ፊደል ጂፒ102 ተብሎ ተጽፏል። መስታወት የመሰለን ግን ጀርባው ነው፤ ፊቱ ወደ ታች ነው፤ ሥራው የተሠራበት ገጽ በግንባሩ ተደፍቶ ከሰሌዳው ጋር ተያይዟል። የምናየው የተወለወለ ሲሊኮን ብቻ ነው። ስፋቱ 471 ካሬ ሚሊሜትር፣ ከአንድ ብር ሳንቲም ያነሰ። በዚያ ላይ የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ወደ 12 ቢሊዮን ትራንዚስተር ቀርጾበታል፤ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር 25 ሚሊዮን ገደማ ማለት ነው። ቁጥሩን ለመቅመስ መሞከሩን ትቼዋለሁ፤ አእምሮዬ ሚሊዮን ላይ ነው የሚደክመው።

ሥራ አከፋፈሉ ግን ይገባኛል፤ ምክንያቱም ደቦ ነው። ፕሮሰሰሩ ጥቂት ግን ብልህ ሠራተኞች ያሉበት ቤት ነው። የተወሳሰበ ነገር ይሰጠዋል፤ «ይህ ከሆነ እንዲህ፣ ካልሆነ እንዲያ» እያለ በፍጥነት ይወስናል። ጂፒ102 እዚህ ካርድ ላይ 3584 ማስያ ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ከፕሮሰሰሩ ሠራተኛ ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን እርሻው ሰፊ ነው፤ ፎርኬ የሚባለው ስክሪን ከ8 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት፤ የአንዱ ነጥብ ቀለም ሲሰላ የጎረቤቱን ውጤት መጠበቅ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ሁሉም የየራሱን ትልም ይዞ መውረድ ይችላል።

በኤንቪዲያ ካርድ ሥራው 32፣ 32 እየሆነ ይታሰራል። 32ቱም በአንድ ምት አንድ ትእዛዝ ይፈጽማሉ፤ የሚለያየው በእጃቸው የያዙት ነዶ ብቻ ነው። የአጨዳ ዘፈን ያለው ይመስለኛል፤ ማጭዱ የሚነሳው በአንድነት፣ የሚወርደውም በአንድነት። ድክመቱም ከዚያው ነው። ከ32ቱ ከፊሎቹ «እኛ በዚህ በኩል እንሂድ» ቢሉ ቀሪዎቹ ማጭዳቸውን ይዘው ይቆማሉ፤ እነዚያ ሲጨርሱ እነዚህ ይቀጥላሉ። ስለዚህ ካርዱ ውሳኔ በበዛበት ሥራ ዳተኛ ነው። የደሞዝ ሰንጠረዥ በኤክሴል ለመሥራት ካርድ የሚገዛ ሰው ደቦ ጠርቶ አንዲት ዛላ በርበሬ እንደሚያስቀነጥስ ነው።

ይህ ደቦ ለጨዋታ ተብሎ የተሰበሰበ ቢሆንም ከጨዋታ ወዲያ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ቶሮንቶ ውስጥ አሌክስ ክሪዥቭስኪ፣ ኢልያ ሱትስኬቨርና ጄፍሪ ሂንተን ፎቶ ለይቶ የሚያውቀውን ዝነኛ ሥራቸውን ያሠለጠኑት በሁለት ጂቲኤክስ 580 ካርዶች ነበር፤ እያንዳንዳቸው 3 ጊጋባይት ሜሞሪ ያላቸው፣ ማንም ልጅ ለጨዋታ የሚገዛቸው ዓይነት። ዛሬ ሰው ሰራሽ አስተውሎት የምንለው ጫጫታ አንዱ ሥሩ እዚያ ነው።

አሁን ወደምወደው ቦታ ደረስን። ቺፑን ከብበው ጥቁር አራት ማዕዘኖች ተቀምጠዋል፤ ሜሞሪዎቹ ናቸው፤ የካርዱ ጎተራ። ቁጠሯቸው፤ 11 ናቸው። መቀመጫው ግን 12 ነው። አንዱ ባዶ ነው። ሊድ የሚቀመጥባቸው ጥቃቅን ክብ ነጥቦች ተሰልፈው ይብለጨለጫሉ፤ በላያቸው ማንም የለም። ማዕድ ላይ ሰሃን ቀርቦለት ያልመጣ እንግዳ ይመስላል።

የተረሳ አይደለም። እያንዳንዱ ሜሞሪ 1 ጊጋባይት ይይዛል፤ ከቺፑ ጋር የሚነጋገረው በ32 የመረጃ መስመሮች ነው። 11 በ32 ሲባዛ 352 መስመር፣ 11 ጊጋባይት። የአሥራ ሁለተኛው መቀመጫ መስመሮች ቺፑ ውስጥም ተዘግተዋል። ስሌት የሚሠሩት ትልልቅ ክፍሎችም እንደዚሁ ናቸው፤ በሙሉው ጂፒ102 ላይ 30 ናቸው፤ እዚህ የሚሠሩት 28 ናቸው። ምክንያቱ የዚህ ሙያ ትልቁ እውነት ነው። ይህን የሚያህል ሲሊኮን ያለ እንከን መሥራት ከባድ ነው፤ አንዲት ቅንጣት እንኳ አንድ ክፍል ልታበላሽ ትችላለች። ስለዚህ ነዳፊው ገና ከመጀመሪያው እንከን እንደሚመጣ አውቆ ያቅዳል። ቺፑን በግድግዳ ተለያይተው ሊዘጉ በሚችሉ ክፍሎች ይሠራዋል፤ እንከን የገባበት ክፍል ይዘጋል፣ የቀረው ይኖራል።

ይህን ሳይ ትዝ የሚለኝ ብራና ነው። ቆዳው ሲገፈፍ ቢላዋ የነካው ቦታ ሲወጠር ክብ ቀዳዳ ይሆናል። በድሮ የግዕዝ መጻሕፍት ውስጥ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ሲገኝ ጸሐፊው ቆዳውን አልጣለውም፤ ቃሉን ከቀዳዳው ወዲህ አቁሞ ከቀዳዳው ወዲያ ይቀጥላል። አንባቢም አይደናገርም። 1080 ቲአይ እንዲህ ያለ ገጽ ነው፤ በቀዳዳው ዙሪያ የተጻፈ።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም ለእንከን ብቻ የተደረገ ነው ብዬ ነጋዴውን ጻድቅ አላደርገውም። ከዚህ ካርድ ቀደም ብሎ 12ቱም መቀመጫዎች የሞሉበት ታይታን ኤክስ በ1200 ዶላር ይሸጥ ነበር። አንዱን መቀመጫ ባዶ መተው ሁለቱን ዕቃዎች በስምም በዋጋም ይለያቸዋል። ሙያና ንግድ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ነው የሚሠሩት።

ከሜሞሪዎቹ ጋር ትንሽ ልቆይ። ለምን እንዲህ ተጠጉ? ለምንስ እንደ ኮምፒውተሩ ራም ተነቃይ አልሆኑም? እያንዳንዱ መስመር በሴኮንድ 11 ቢሊዮን ቢት ያስተላልፋል። በዚህ ፍጥነት የአንዱ ቢት ዕድሜ ከ100 ፒኮሴኮንድ ያነሰ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ምልክቱ በሰሌዳው ላይ የሚጓዘው ወደ 1.4 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ከሜሞሪው ወደ ቺፑ ባለችው አጭር መንገድ ላይ በማንኛውም ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ቢቶች እየተከታተሉ በጉዞ ላይ ናቸው፤ የፊተኛው ሳይደርስ የኋለኛው ተነስቷል። ሶኬት ቢገባ ምልክቱ እዚያ ላይ ይሰናከላል፣ ይንጸባረቃል፣ ከሚከተለው ጋር ይጋጫል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሜሞሪ በ190 የሊድ ጠብታዎች ላይ ተቀምጦ ለዘለዓለሙ ተበይዷል። መብራቱን ከጎን አድርጌ ሰሌዳውን ሳዘነብለው ከአረንጓዴ ጥቁር ቀለሙ ሥር መስመሮቹ ይታያሉ፤ እንደ ሸማ ድርና ማግ ሳይሆን እንደ ጥለት፣ ጎን ለጎን፣ ሳይነካኩ፣ አንድ ላይ እየታጠፉ።

የዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ፍሬ አንድ ቁጥር ነው፤ በሴኮንድ 484 ጊጋባይት። ከመቶ በላይ ዲቪዲ በአንድ ሴኮንድ ማለት ነው። በዚያ ዘመን የተለመደው፣ ሁለት ዲዲአር4 ራም በ2400 ፍጥነት የተሰካበት ኮምፒውተር፣ በወረቀት ላይ የሚደርሰው 38.4 ጊጋባይት ነው። ከ12 እጥፍ በላይ ልዩነት። ጎጆ ያልወጣው ምስል ሠሪ ከዚያች 38 ላይ ነበር ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚሻማው።

ነገር ግን ጎተራው ሙሉ የሚሆነው እህሉ ሲገባ ነው። ካርዱን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው መንገድ፣ ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3፣ በአንድ አቅጣጫ በሴኮንድ ወደ 16 ጊጋባይት ብቻ ያሳልፋል። ከ484 ጋር ሲተያይ ቀጭን የእግር መንገድ ነው። ስለዚህ ብልሃቱ እንደ ገጠር ቤት ነው፤ ገበያ አንዴ ወርዶ እህሉን አስገብቶ ከዚያ በኋላ ከጓዳ መብላት። ሥራው 11 ጊጋባይት ውስጥ እስከገባ ድረስ ካርዱ ይበራል። ከሞላ ግን ዕቃ ፍለጋ በእግር መንገዱ መመላለስ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ የ3584ቱ ጉልበት ሁሉ ገበያ የሄደውን ልጅ ሲጠብቅ ይውላል። ካርድ የሚገዛ ሰው ስለ ፍጥነቱ ብቻ ጠይቆ ስለ ሜሞሪው ልክ ሳይጠይቅ ሲወጣ የሚቆጨኝ ለዚህ ነው።

በቀኝ በኩል የኤሌክትሪኩ ሠፈር አለ። ሰው አያየውም፤ እኔ ግን ካርድ ስከፍት መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው እዚያ ነው። ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣው 12 ቮልት ነው፤ ቺፑ የሚፈልገው ወደ 1 ቮልት የሚጠጋ ነው። ቮልቱ ሲወርድ አምፔሩ ይወጣል። መላው ካርድ እስከ 250 ዋት ይወስዳል፤ አብዛኛው ወደ ቺፑ ስለሚሄድ በዚያች ሳንቲም በምታክል ቦታ ከ150 አምፔር በላይ ይገባል። ቤታችን ያለው ቆጣሪ ሥር የተሰካው ብሬከር 16 ወይም 20 ወይም 32 አምፔር ነው የሚለው፤ ምጣድ ስንጥድበት ይዘላል። ይህን ጎርፍ በአንድ ቦይ መልቀቅ አይቻልም። ስለዚህ በ7 ቦዮች ተከፍሏል፤ ግራጫ ኩቦች የሚመስሉት ኮይሎች ተሰልፈው ይታያሉ። ሰባቱ ተራ ገብተው ነው የሚሰጡት፤ አንዱ ሲቀንስ ሌላው እየሞላ፣ ቺፑ ጋ ሲደርስ ጭማሪው ከቅናሹ ተቻችሎ የረጋ ወንዝ ይሆናል። ቺፑ በአንድ አፍታ ከእንቅልፍ ወደ ሩጫ ሲነሳ ድንገተኛውን ጥማት የሚያስታግሱት ደግሞ በዙሪያው እንደ ጤፍ የተበተኑት ካፓሲተሮች ናቸው፤ እነሱ የጓዳ እንስራ ናቸው፤ ከወንዙ እስኪቀዳ የሚያደርሱ።

የሰፈሬ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ካርዱ ምን እንደለወጠ እኔም አይቻለሁ፤ ገዝቶ ሲያስገባው አብሬው ነበርኩ። ከዚያ በፊት ፎርኬ ቪዲዮ ሲያጫውት ምስሉ እየተንጠባጠበ ነበር የሚሄደው፤ የሙሽራዋ እርምጃ ይቆራረጣል፤ የፕሮሰሰሩ ማራገቢያ ይጮሃል፤ መሃል ላይ ቴሌግራም ልክፈት ቢል ሁሉም ነገር ይቆማል። ካርዱ ከገባ በኋላ ካሜራው ያመቀውን ቪዲዮ መፍታት ወደ ካርዱ ሄደ፤ ቺፑ ውስጥ ለዚያ ሥራ ብቻ የተለየ ክፍል አለ፤ ከደቦው ውጭ የተቀመጠ፣ ሌላ ሥራ የማያውቅ። ቀለም ማስተካከሉ፣ ጽሑፍ ማደራረቡ፣ ብዥ ማድረጉ ለደቦው ሆነ። ፕሮሰሰሩ ዕቅድ ማውጣትና ፋይል ማመላለስ ብቻ ቀረው። ለእኔ ትልቁ ለውጥ ቴሌግራሙ ነው። ሰርጉ ሬንደር እየሆነ ቴሌግራሙ በመደበኛው ፍጥነት ተከፈተ፤ ካርዱ ቴሌግራምን አላፈጠነም፤ ከመንገዱ ተነሳለት እንጂ።

ማሽኑ ግን ሲነሳ እንደ ድሮው ቀርፋፋ ነበር። ልጁ ቅር ብሎት፣ «ይህን ያህል ብር አውጥቼ?» አለኝ። የድሮው የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ ነበር ያለው፤ ጥፋቱ የዲስኩ ነው። በኤስኤስዲ ሲቀይረው ያም ተፈታ። ዎርድ የሚጽፍ፣ ደብዳቤ የሚልክ፣ ሒሳብ የሚያወራርድ ሰው ከእኔ ምክር ቢጠይቅ ካርድ ግዛ አልለውም። ኤስኤስዲና ራም እለዋለሁ፤ የተረፈውን ለልጆቹ ደብተር። ካርድ የሚገዛም ቢሆን መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩን ይይ፤ ለዚህኛው ካርድ ኩባንያው የሚመክረው 600 ዋት ነው። አንድ ሰው ደግሞ አውቃለሁ፤ ካርዱን አስገብቶ የስክሪኑን ገመድ በድሮው ቦታ፣ በማዘርቦርዱ ላይ፣ ሰክቶ ወር ሙሉ «ምንም ለውጥ የለውም» ሲል ከረመ። ጎጆው ተሠርቶ ልጁ አሁንም እናቱ ቤት ነበር የሚያድረው።

ነቀፋም አለኝ። ማቀዝቀዣው ውብ ነው፤ ንጹሕ ሲሆንም ግን ጸጥተኛ አይደለም። ካርዱ 84 ዲግሪ ላይ እንዲቆይ ተደርጎ ስለተዘጋጀ፣ በከባድ ሥራ ጊዜ እዚያው ሙቀት ላይ ተቀምጦ ማራገቢያው እንደ ፀጉር ማድረቂያ ያጉረመርማል፤ ካርዱም ፍጥነቱን ቀነስ ያደርጋል። ሌሎች አምራቾች ያንኑ ቺፕ ወስደው ሁለትና ሦስት ማራገቢያ አድርገው ከዚህ ጸጥ ያለ ካርድ ሠርተዋል፤ እነሱ ግን ሙቀቱን እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው የሚበትኑት። ዕድሜም ይታይበታል። ኤቪ1 የሚባለውን፣ ከእሱ በኋላ የመጣውን የቪዲዮ ማመቂያ መፍታት አያውቅም፤ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሲመጣ ሥራው ተመልሶ ወደ ፕሮሰሰሩ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የመጡት ተከታዮቹ የብርሃን ጨረር የሚከተል የተለየ ክፍል አላቸው፤ ይህ የለውም።

ሌሊቱ እየገፋ ነው። አዲስ ቴርማል ፔስት መስታወቱ መሃል ላይ የባቄላ ፍሬ ያህል አደረግሁ። ማቀዝቀዣውን መልሼ አስቀመጥኩና አራቱን ስፕሪንግ ያላቸውን ቪቶች በመስቀል አቅጣጫ፣ አንዱን ትንሽ፣ ተቃራኒውን ትንሽ፣ እያልኩ አጠበቅሁ። ጥቃቅኖቹን ከጨርቁ ላይ እያነሳሁ በየቦታቸው መለስኩ። አንድም አልተረፈኝም፤ ይህ ሁሌ አይሆንልኝም።

ጠዋት ልጁ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ መጣ። ከመሰካቴ በፊት የካርዱን የታችኛውን ጠርዝ አሳየሁት። በወርቅ የተለበጡ ጣቶች ናቸው፣ በእያንዳንዱ ገጽ 82። «አየህ? ሁሉም እኩል ናቸው። ይቺን ጥጉ ላይ ያለችውን ተመልከት።»

ጎንበስ ብሎ አየ። «ታጥራለች።»

«ሆን ተብሎ ነው። ሌሎቹ ሁሉ ቦታቸውን ሳይዙ እሷ እንዳትነካ። ካርዱ መግባቱን ለማዘርቦርዱ የምትናገረው እሷ ናት።»

ካርዱን ሁለት ጫፉን ይዤ ወደ ታች ተጫንኩት። መያዣው ቀጭ አለ።

«ነካች?» አለ ልጁ።

አብራው አልኩት።